ትምባሆ ይዞ የማይለቅበት ምክንያት

አባቶቻችን «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ብለው የተናገሩት ምሳሌ ለጨዋታ ማጣፈጫ ብቻ የተባለ አይደለም። ከማዕድ የሚሰርቅ ሰው ማንን ይሰርቃል? ማዕዱ የቀረበው ለእርሱም ጭምር ነውና የሚሰርቀው ራሱን ነው። እንጀራው በፊቱ ቀርቦ፥ «ብላ» የሚለውም ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ እጁ ተደብቆ ይሄዳል። እጁን የሚልከው ረኃብ ሳይሆን ልማድ ነው።

ይህ ምሳሌ ከማንም ይልቅ ለሲጋራ አጫሽ የተነገረ ይመስላል። አጫሹ ከኪሱ ገንዘብ፥ ከደረቱ እስትንፋስ፥ ከልጆቹም ጉርሻ እየሰረቀ የሚያቃጥለው ማንም አስገድዶት አይደለም። ጉዳቱንም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ በፓኮው ላይ ተጽፎና በሥዕል ታትሞ ያየዋል። ታዲያ እያወቀ ለምን አይተወውም? ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ «ወኔ ስለሌለው ነው» የሚል ነው። ሊቃውንት ግን ባለፉት ሰባ ዓመታት ያህል የአንጎልን ሥራ ሲመረምሩ ቆይተው ሌላ መልስ አግኝተዋል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነው ይህንኑ መልስ ነው።

ወደ ሊቃውንቱ ከመሄዳችን በፊት ከምናውቀው አገር እንነሣ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ፥ ከቡሬም ታጥፎ ወደ ወምበርማ የሚጓዝ ሰው የወረዳዪቱን ከተማ ሽንዲን ያገኛል። አገሩ የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። በገበያ ቀን ገበሬው በርበሬውን በጆንያ ሞልቶ ያመጣል፤ ነጋዴው ይመዝናል፤ ተሸካሚው በመኪና ላይ ይጭናል፤ ሹፌሩና ረዳቱም ጭነቱ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ጥቂት ሰዎች ከሱቅ ጀርባ ገለል ይላሉ። አንዱ ሲጋራውን በመዳፉ ውስጥ ሸሽጎ ይስባል፤ ሌላው ታላቅ ሰው ሲመጣ ባየ ጊዜ ጥሎ በጫማው ይረግጣል። በጎጃም ገጠር ሲጋራ ማጨስ ነውር ነውና አባት ልጁ ማጨሱን ቢሰማ አንገቱን ይደፋል፤ የንስሐ አባቱም ይቈጣሉ። ከዚህም የተነሣ አጫሹ ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ አንዱ ጭሱ ነው፤ ሁለተኛውም ኀፍረቱ ነው።

ይህ ኀፍረት ሥር የሰደደ ነው። ትምባሆ በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው የሚለው ትውፊት በሕዝባችን ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቷል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ትምባሆን አጥብቀው ይከለክሉ፥ ተላላፊውንም በከባድ ቅጣት ይቀጡ እንደ ነበር በዘመኑ ሀገራችንን የጐበኙ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል።

ነውር መሆኑም ያለ ጥቅም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፥ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ ከመቶ ሰዎች መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ብቻ ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1 በመቶ፥ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ መሆናቸው ነው። በዓለም ላይ ግን ከአምስት ጎልማሶች አንዱ ያህል ትምባሆ ተጠቃሚ ነው። ነውር እንግዲህ መልካም የበር ዘበኛ ሆኖ ብዙዎችን ከደጅ መልሷል። ይሁን እንጂ ያው ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ኢትዮጵያውያን 3.2 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውንም ገልጿል። እነዚህ ከዘበኛው አልፈው የገቡ ናቸው። ለገባው ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ዘበኛ ሳይሆን ሐኪም ነው።

ትምባሆ በዘሩ የሽንዲ ገበሬ ከሚያውቃቸው አትክልቶች የራቀ አይደለም። በርበሬ፥ ድንችና ቲማቲም ሁሉ ከትምባሆ ጋር ከአንድ የዕፀዋት ቤተ ሰብ የሚወለዱ፥ መነሻቸውም አሜሪካ የሆነ ነው። ዝምድናቸው እስከ በሽታ ይደርሳል፤ ትምባሆን የሚያጠቃ አንድ ቫይረስ በአጫሽ እጅ ተላልፎ የበርበሬን ችግኝ ሊያበላሽ ስለሚችል፥ የግብርና ባለሙያዎች ሲጋራ የነካ ሰው እጁን ሳይታጠብ ችግኝ እንዳይነካ ይመክራሉ። በርበሬ ራሱን ከእንስሳት የሚጠብቀው በማቃጠሉ ሲሆን፥ ትምባሆ ግን በሥሩ መርዝ ሠርቶ ወደ ቅጠሉ ይልካል፤ ቅጠሉን የሚበላ ተባይ በዚህ መርዝ ይሞታል። ፖሴልትና ራይማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1828 ይህን መርዝ ከቅጠሉ ለይተው አወጡ። ስሙም በ16ኛው መቶ ዓመት ትምባሆን ወደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት በላከው በአምባሳደር ዣን ኒኮ ስም ኒኮቲን ተባለ።

አንድ ሰው ሲጋራ በሳበ ጊዜ ኒኮቲኑ ከሳንባው ወደ ደሙ፥ ከደሙም ወደ አንጎሉ ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ያህል ብቻ ይበቃዋል። የአንጎል የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ጥቃቅን የኬሚካል መልእክተኞችን በመላላክ ነው። ከእነዚህ መልእክተኞች አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል፤ ይህም በሕዋሱ ላይ ባለው ቁልፍ ቦታ ገብቶ በሩን ይከፍታል። ኒኮቲን በቅርፁ ይህን መልእክተኛ ስለሚመስል እንደ ሐሰተኛ ቁልፍ ሆኖ በዚያው ቦታ ይገባል። ከሚከፍታቸው በሮች አንዳንዶቹ በመካከለኛው አንጎል የሚገኙ ዶፓሚን የተባለውን መልእክተኛ የሚያመነጩ ሕዋሳት በሮች ናቸው።

ዶፓሚን ምንድን ነው? አንጎላችን ከምንበላው ምግብ በሚያገኘው ታይሮሲን በተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራው መልእክተኛ ነው። ለብዙ ጊዜ ሌላ ኬሚካል እስኪሠራ ድረስ የሚታለፍበት መሸጋገሪያ ብቻ ይመስል ነበር። የስዊድኑ ሊቅ አርቪድ ካርልሶን ግን ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባደረገው ምርምር ዶፓሚን ራሱን የቻለ መልእክተኛ መሆኑን አሳየ፤ ስለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ፓርኪንሰን በተባለው በሽታ የሽማግሌ እጅ የሚንቀጠቀጠው፥ አካሄዱም የሚተሳሰረው ይህን ዶፓሚን የሚሠሩት ሕዋሳት ስለሚያልቁ ነው።

የዶፓሚን ሥራ ግን እጅና እግርን ማንቀሳቀስ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ በአይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ አስገብተው፥ አይጢቱ አንዲት ዘንግ በተጫነች ቍጥር አንጎሏ በጥቂት ኤሌክትሪክ እንዲነካ አደረጉ። አይጢቱም ዘንጓን ደጋግማ መጫን ያዘች። በኋላ በተደረጉ ተመሳሳይ ሙከራዎችም በሰዓት በሺሕ የሚቈጠር ጊዜ የሚጫኑ፥ ምግብ ቀርቦላቸው የማይዞሩ አይጦች ታዩ። ከማዕድ መስረቅ ማለት ይህ ነው! ያ የአንጎል መንገድ ዶፓሚን የሚመላለስበት መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ዲ ኪያራና ኢምፔራቶ የተባሉ የኢጣልያ ተመራማሪዎች ኒኮቲን፥ አልኮል፥ ኮኬይንና ሌሎችም ሱስ አስያዥ ነገሮች ሁሉ በአይጥ አንጎል በዚያው ሥፍራ ዶፓሚንን ከፍ እንደሚያደርጉ ለክተው አሳዩ።

ይህ መንገድ በከንቱ የተፈጠረ አይደለም። የራበው ሰው ሲበላ፥ የጠማው ሲጠጣ፥ እናት ልጇን ስታቅፍ አንጎል «ይህ መልካም ነው፤ ድገመው» ብሎ የሚመዘግብበት መንገድ ነው። ኒኮቲን ይህን የ«ድገመው» ማኅተም ሰርቆ በማይገባ ደብዳቤ ላይ ያትመዋል።

አሁን ወደ ጠለቀው ነገር ደርሰናል። ገበሬ መሬቱን ሲያጠጣ ውኃው የሚገባበት ቦይ እንዳለ ሁሉ፥ የተረፈው ውኃ የሚወጣበት ፈሰስም ያበጃል። መግቢያው ብቻ ተከፍቶ መውጫው ቢደፈን ሰብሉ በውኃ ይዋጣል። አንጎልም እንዲሁ ነው። ዶፓሚን መልእክቱን ካደረሰ በኋላ መነሣት አለበት። ከሚያነሡትም መካከል አንዱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ቢ የተባለው ኤንዛይም ነው፤ ይህ ኤንዛይም ዶፓሚንን እየሰባበረ ያጠፋዋል።

በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት በብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ትሠራ የነበረችው ጆአና ፋውለርና ባልደረቦቿ የሰውን ራስ ሳይከፍቱ አንጎሉን በሚያሳይ መሣሪያ የአጫሾችንና የማያጨሱ ሰዎችን አንጎል አስተያዩ። ውጤታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1996 አወጡ፤ በአጫሾች አንጎል ውስጥ ይህ ኤንዛይም ከማያጨሱት በ40 በመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። የሚያስገርመውም ይህን ያደረገው ኒኮቲኑ አለመሆኑ ነው፤ በጭሱ ውስጥ ያሉ ሌሎች ኬሚካሎች ናቸው። እንግዲህ ሲጋራ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው፤ በኒኮቲኑ መግቢያውን ይከፍታል፤ በጭሱ ደግሞ መውጫውን ይደፍናል። ትምባሆ ከኒኮቲን ብቻውን ይልቅ አጥብቆ የሚይዝበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሊቃውንት ያስባሉ። በዚያው ጥናት ሲጋራ የተዉ ሰዎች ኤንዛይም ግን ከማያጨሱት ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። አንባቢ ይህችን ነጥብ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አንጎል በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሐሰተኛው ቁልፍ መብዛት ሲያስቸግረው በሮቹን ያደነዝዛል፤ ቍጥራቸውንም ያበዛል። ኒኮቲን በደም ውስጥ በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ በግማሽ ስለሚቀንስ፥ አጫሹ ሌሊቱን ተኝቶ ሲነሣ እነዚያ የበዙ በሮች ሁሉ ባዶ ሆነው ይጠብቁታል። ይበሳጫል፤ ሐሳቡ አይሰበሰብም፤ ሰውነቱ ዕረፍት ያጣል። የመጀመሪያዪቱን ሲጋራ ሲለኵስ «ተረጋጋሁ» ይላል። ነገር ግን ሲጋራው ያረጋጋው ራሱ ካመጣበት ጭንቀት ነው። ነገሩ ልክ እንደ አራጣ አበዳሪ ነው፤ ያራቈተህን ሰው ገንዘብ ስትበደር ባለውለታህ ይመስልሃል።

እዚህ ላይ ሌላ ምሳሌ ትዝ ይለናል፤ «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ይባላል። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ባደረገው ምርምር የዝንጀሮ ዘመዶችን የዶፓሚን ሕዋሳት አዳመጠ። በመጀመሪያ ጭማቂ ሲሰጣቸው ሕዋሳቱ ይነቃቁ ነበር። ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት ምልክት ማየት ከለመዱ በኋላ ግን ሕዋሳቱ የሚነቃቁት በጭማቂው ሳይሆን በምልክቱ ሆነ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ ሕዋሳቱ ከወትሮው ያነሰ ጸጥ ይላሉ። ዶፓሚን እንግዲህ የደስታ ብቻ ሳይሆን የተስፋና የጉጉት መልእክተኛ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

አጫሽ ሲጋራ ሳያይ የሚጓጓው ስለዚህ ነው። ለሹፌሩ ምልክቱ የሞተሩ ድምፅ ነው፤ ለሌላው የቡና ሽታ ነው፤ ለሌላው የአረቄ መለኪያ ነው። ጫት ለሚቅመው ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ራሱ ዶፓሚንን የሚያፈስ ስለ ሆነ ሁለቱ ተደጋግፈው ይይዙታል። በሽንዲ ገበያ ከሱቅ ጀርባ ገለል የሚለውም ሰው እንዲሁ ነው፤ ያች የሱቅ ጥግ ራሷ ትጠራዋለች። «ተወው» የሚል ምክር ብቻ የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው። ከሲጋራው ጋር መንገዱን፥ ሰዓቱንና ጓደኛውን ጭምር ለጊዜው መለወጥ ያስፈልጋል።

ሰው ሁሉ ደግሞ እኩል አይያዝም። ኒኮቲንን በጉበት ውስጥ የሚፈጨው ዋናው ኤንዛይም በአንዳንዱ ሰው ፈጣን፥ በአንዳንዱም ቀርፋፋ ነው። ፈጣን የሆነበት ሰው ኒኮቲኑ ቶሎ ስለሚያልቅበት ብዙ ያጨሳል፤ መተውም ይከብደዋል። የእኛ የኢትዮጵያውያን ጉበት ለብቻው መጠናት እንዳለበት ካሳዩት ሥራዎች አንዱን ያወጣችው ኢትዮጵያዊቷ ሊቅ እሌኒ አክሊሉ ናት። እርሷና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፥ ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን የሚፈጭ አንድ ሌላ የጉበት ኤንዛይም ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን በ29 በመቶው ዘንድ ከተለመደው የበዛ ቅጂ እንዳለው አሳዩ። ያ ኤንዛይም ለኒኮቲን ዋነኛው አይደለም፤ ቢሆንም በአውሮፓ ሰው ላይ የተለካ መድኃኒት ለጎጃሜው በትክክል ይስማማል ብሎ መገመት እንደማይገባ ያስተምረናል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ «እንግዲያስ አንጎሌ ተለውጧል፤ ምን አደርጋለሁ?» የሚል አጫሽ እንዳይኖር እንፈራለን። ቀደም ሲል እንድትያዝልን የለመንናት ነጥብ የምትጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የተደፈነው መውጫ ይከፈታል፤ የበዙትም በሮች በጥቂት ሳምንታትና ወራት ውስጥ ወደ ቀድሞው ቍጥራቸው ይመለሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅግ ከባድ ናቸው፤ ብስጭቱና ጉጉቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ሰው በሦስተኛው ቀን ሲጨነቅ «አልቻልኩም» አይልም፤ «አንጎሌ እየታደሰ ነው» ይላል።

የሕክምናውም ጥበብ የተመሠረተው በዚሁ ዕውቀት ላይ ነው። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም የሚታኘከው ኒኮቲን ያለ ጭስ በዝግታ እየገባ በሮቹን ያስታግሣል። ቫሬኒክሊን የተባለው መድኃኒት ደግሞ በቁልፉ ቦታ ገብቶ በሩን በግማሽ ብቻ ይከፍታል፤ ኒኮቲኑ ሲመጣም ቦታው ተይዞ ይቈየዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የመጀመሪያውን በ2009፥ ቫሬኒክሊንንና ቡፕሮፒዮን የተባለውን ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አግብቷቸዋል። እነዚህ ግን በሐኪም ምክር የሚወሰዱ ናቸው። መድኃኒት ባይገኝ እንኳ ከጤና ባለሙያ የሚሰጥ አጭር ምክር ሰዎች ሲጋራ እንዲተዉ እንደሚረዳ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል።

የሚገኘውም ዋጋ ታላቅ ነው። በእንግሊዝ አገር ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምረው ከ34,000 በላይ የሆኑ ወንድ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታትለዋል። አጫሹ ከማያጨሰው በአማካይ 10 ዓመት ቀድሞ ይሞት ነበር። በ30 ዓመቱ የተወ ሰው እነዚያን 10 ዓመታት ሁሉ ለማለት በሚቻል አዳነ፤ በ40 የተወ 9 ዓመት፥ በ50 የተወ 6፥ በ60 የተወ እንኳ 3 ዓመት አተረፈ። በሀገራችን ላይ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ አለ፤ ማጨስ በዚህ በሽታ የመያዝን አደጋ በእጥፍ ያህል ያሳድገዋል።

መንግሥትም በበኩሉ ሕግ አውጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስ፥ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም ትምባሆ መሸጥ የተከለከለ ነው። የዕድሜው ወሰን እንዲያው የተደነገገ አይደለም፤ የወጣት አንጎል ገና በግንባታ ላይ ስለ ሆነ ኒኮቲን ሥር የሚሰድበት ፈጥኖ ነው። የሽንዲም ሆነ የቡሬ ባለ ሱቅ ለተማሪ ሲጋራ ሲከለክል ሕግን መፈጸሙ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቱን ልጅ አንጎል መጠበቁ ነው።

የቀረው የእኛ የሁላችን ፈንታ ነው። ልጁ እንዳይጀምር አባት ይከልክል፤ መምህሩም በክፍል ውስጥ ያስተምር፤ ነውሩም በበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ። አንድ ጊዜ የገባውን ወንድማችንን ግን በስድብና በንቀት ከሱቅ ጀርባ አንስደደው። የተደበቀ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ አይመጣም፤ የሚያፍርም ሰው «እርዱኝ» አይልም። ወባ የያዘውን ሰው ወኔ ቢስ እንደማንለው ሁሉ፥ ትምባሆ የያዘውንም ታሟልና እናሳክመው እንበል። እርሱም በበኩሉ ከአሁን በፊት ሞክሮ ቢወድቅ ተስፋ አይቍረጥ፤ ብዙዎቹ የተዉት ሰዎች የተዉት በመጀመሪያው ሙከራ አይደለም። ቀን ይቍረጥ፤ ለሚስቱና ለወዳጁ ይንገር፤ እነዚያን የሚጠሩትን ጥጎች ለጥቂት ሳምንት ይራቅ። ማዕዱ ዛሬም የራሱ ነው፤ በግልጽ ቀርቦ ይብላ።